ለጥቅምቱ ትርኢት አትቆጡ፤ መርከቧን ግን በቀንም እዩዋት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ
ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 2012 ዓ.ም.

ባለፈው እትማችሁ አንዲት እናት ስለ ሃሎዊን፣ አሜሪካኖች በጥቅምት መጨረሻ ጭራቅና መንፈስ መስለው ስለሚያከብሩት በዓል፣ የጻፉትን ደብዳቤ አንብቤ ነው ብዕር ያነሳሁት። ሎንግ ቢች ወደብ ላይ በቆመችው አሮጌ መርከብ፣ በክዊን ሜሪ ውስጥ፣ በየጥቅምቱ የሚዘጋጀውን የማስፈራሪያ ትርኢት «ከሰይጣን ጋር መጫወት» ብለውታል። ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳይልኩ መክረዋል። ገንዘብ ማባከን መሆኑንም ጨምረዋል። «የፈሩት ይደርሳል» የሚለውንም አባባል አስታውሰውናል። ጭንቀታቸው የእናት ጭንቀት ነው፤ አከብረዋለሁ። ሐሳባቸውን ግን አልጋራም።

እኔ የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አባል ነኝ። ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ምጽዋ ላይ፣ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ብዙ አንባቢ ላያስታውሳት ይችላል። መጀመሪያ «ኦርካ» በሚል ስም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ያገለገለች፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ እኛ የመጣች መርከብ ነበረች። ስለ መርከብ ስናገር ከዚያ ተነስቼ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ትርኢቱን ማየት ፈለገች። አባቷ ሥራ ላይ ነበር። «አባባ፣ አንተ መርከብ ታውቅ የለ? ውሰደን» አለችኝ። ባለቤቴ «ልጆች ይዘህ እዚያ ልትገባ!» ብላ ብትቆጣም ጋቢዋን ደርባ ተከተለችን። ከኢንግልውድ በ405 ፍሪዌይ ወጥተን 710 ፍሪዌይን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ፍሪዌዩ ሊያልቅ ሲል ሦስቱ ጭስ ማውጫዎቿ ከሩቅ ይታያሉ። ርዝመቷ 310 ሜትር ነው። አጠገቧ ቆሞ ጫፍና ጫፏን በአንድ ጊዜ ማየት አይቻልም።

ትርኢቱ ወንበር ይዞ የሚታይ ቲያትር አይደለም። ሰው ራሱ ይገባበታል። በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ከዚያ ጭስ፣ እሳት፣ ደረት የሚመታ ሙዚቃ፣ ፊታቸውን ተቀብተው በሕዝቡ መሐል የሚዞሩ ሰዎች። ይህ ገና ውጪው ነው። ዋናው ነገር ያለው መርከቧ ሆድ ውስጥ ነው። በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለን በጨለማ መተላለፊያ ገባን። ተዋንያኑ ከየጥጉ ይወጣሉ። ስም ይጠይቃሉ። አንዱን ከቡድኑ ለይተው ያዋሩታል። መልስ ከሰጠ መልሱን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ዝም ካለም ዝምታውን ይጠቀሙበታል። ግን አይነኩም፤ እኛም አንነካቸውም።

መርከብ ከተራ ቤት ይልቅ ለምን እንደምታስፈራ አንድ ነገር ላስረዳ። የረዥም መርከብ ወለል ቀጥ ያለ አይደለም። መሐሉ ዝቅ ብሎ፣ ፊቱና ኋላው ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው። ማዕበል ሲመጣ አፍንጫዋ እንዳይጠልቅ ነው። ስለዚህ ረዥሙ ኮሪደር ላይ ቆሞ ወደ ፊት የሚያይ ሰው ወለሉ ወደ ላይ እየታጠፈ ሲሄድ ያያል። ጫፉ ከጣሪያው ጀርባ ይደበቃል። ከዚያ የሚመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚታየው እግሩ ነው። በታችኛው ደርብ መስኮት የሚባል ነገር የለም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ቧንቧና ገመድ ይሮጥበታል። ብረቱ ድምፅ ያስተላልፋል፤ ሁለት ደርብ ከፍ ብሎ የሚራመድ ሰው ጆሮህ ሥር ያለ ይመስልሃል። የበሩ ደፍ ከፍ ያለ ስለሆነ እግሩን አንስቶ ያላለፈ ይደናቀፋል። ሽታም አለ፤ የአሮጌ ዘይት፣ የቀለም፣ የጨው።

ይህን ሁሉ የትርኢት አዘጋጅ አልፈጠረውም። የሠሩት በስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ የሚገኙት የጆን ብራውን ኩባንያ መርከብ ሠሪዎች ናቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1930 ተጀመረ። በኢኮኖሚው ድቀት ምክንያት ከሁለት ዓመት በላይ ቆመ። በዚያ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ሥራ ፈቶ ነበር። በ1934 ውኃ ላይ ወረደች፤ በ1936 ከሳውዝሃምፕተን ወደ ኒው ዮርክ የመጀመሪያ ጉዞዋን አደረገች። ትርኢቱ በእነዚያ ሰዎች እጅ ሥራ ላይ ጭስና መብራት ጨመረበት፤ ሌላውን መርከቧ ራሷ ትሠራዋለች።

አንደኛው መተላለፊያ ላይ ደወል ተደወለ። ውኃ የማያሳልፈው በር ሊዘጋ ሲል የሚደወለው ዓይነት። ልጆቹ ጮኹ። እኔ ቆምኩ። በባሕር ኃይል ቤት ያደገ ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ እግሩ ራሱ ያውቃል፤ ከበሩ ይርቃል። በልምምድ ጊዜ ደጋግመው የነገሩን ነው፤ እንዲህ ያለ በር መዝጋት ከጀመረ ለሰው ብሎ አይቆምም።

ወዲያው የራሰ የባሕረኛ ልብስ የለበሰ፣ ፊቱን ሰማያዊ የተቀባ ወጣት ከጨለማው ወጥቶ አፈጠጠብኝ። «የሥራ ቦታህ የት ነው?» አለኝ በወፍራም ድምፅ። «የሞተር ክፍል» አልኩት። እውነቱን ነው የነገርኩት። አፍታ ዝም አለ። ከዚያ ከገጸ ባሕርዩ ሳይወጣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ «መንገድ ልቀቁ! የሞተር ክፍል ሰው ነው!» ብሎ ወደ ውስጥ ጮኸ። ከየጥጉ ሌሎቹ ተቀበሉት። «የሞተር ክፍል! የሞተር ክፍል!» የልጅ ልጄ ክንዴን ጨብጣ እየተንቀጠቀጠች ትስቃለች። ያ ወጣት ሥራውን ያውቃል። ያልጠበቀውን መልስ ተቀብሎ በቅጽበት የጨዋታው አካል አደረገው። ይህ ጥበብ ነው። እህቴ፣ እዚህ ውስጥ ሰይጣን አላየሁም። ስንወጣ አንዱ «ጭራቅ» ከአጥር ጀርባ ተቀምጦ ሳንድዊች ሲበላ አየሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የሚያመሽ ሠራተኛ ነው።

የበሩ ነገር ግን ተረት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሠራተኛ በዚያችው መርከብ ውስጥ፣ መርከቧን ውኃ ውስጥ እየዞረ የሚገፋው የፕሮፔለሩ ዘንግ በሚያልፍበት መተላለፊያ፣ 13 ቁጥር በሚባለው ውኃ የማያሳልፍ በር ተጨፍልቆ ሞቷል። ዛሬ መርከቧ ላይ ከሚነገሩት የመንፈስ ታሪኮች አንዱ የእሱ ነው። በትርኢቱም በር የቆረጠውን ባሕረኛ የሚመስል ገጸ ባሕርይ አለ። እኔ በዚያ ሳልፍ «ነፍስ ይማር» ብያለሁ። ያ ልጅ እኛን ለማስፈራት አልሞተም። ሥራ ላይ ነው የሞተው። በእሱ ዕድሜ እኔም እንዲህ ያለ በር አጠገብ ፈረቃ ቆሜያለሁ። ስንወጣ ልጆቹን አስቀምጬ ይህን ነገርኳቸው። እስከዚያ ሲንጫጩ የነበሩት ጸጥ አሉ። ከጓደኞቿ አንዷ «ከእኛ ብዙም አይበልጥም እኮ» አለች። በዚያች ደቂቃ ልጆቹ ስለ መርከብ ሠራተኛ ሕይወት የገባቸው ነገር እኔ ቤት ተቀምጬ ዓመት ብናገር የሚገባቸው አልነበረም። መጀመሪያ ስለፈሩ ነው የሰሙኝ።

ስለ ጦርነቱም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ክዊን ሜሪ ግራጫ ቀለም ተቀብታ ወታደር ታመላልስ ነበር። ከጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ትፈጥን ስለነበር አብዛኛውን ውቅያኖስ ያለ አጃቢ ታቋርጣለች። በዚያ ቀለሟና ፍጥነቷ የተነሳ ባሕረኞቹ «ግራጫዋ መንፈስ» አሏት። እንግዲህ ከትርኢቱ ብዙ ዘመን በፊት መንፈስ ብለዋታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 በአንድ ጉዞ 16,683 ሰው አሳፍራለች። ተደራራቢ አልጋ ባገኙበት ክፍት ቦታ ሁሉ ተተከለ፤ ውኃው የወጣለት መዋኛ ገንዳ ሳይቀር። አንዱ ሲነሳ ሌላው በፈረቃ ይተኛል። ዛሬ ገንዳው ዙሪያ መንፈስ ይታያል እያሉ ቱሪስት የሚያስጎበኙበት ቦታ እሱው ነው። እኔ እዚያ ስቆም የሚታየኝ ከአይዋ ወይም ከቴክሳስ ገጠር የመጣ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ የገበሬ ልጅ ነው። ሆዱ እየታወከ፣ ወዴት እንደሚወስዱት በቅጡ ሳያውቅ ተኝቷል።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1942 የደረሰው አደጋ አለ። ከአየርላንድ ሰሜን፣ ኩራሶ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ልታጅባት መጣች። ክዊን ሜሪ ሰርጓጆች እንዳያነጣጥሩባት እየተጠማዘዘች ነበር የምትሄደው። የሁለቱ መንገድ ተገናኘ። ክዊን ሜሪ ኩራሶን ለሁለት ሰንጥቃት አለፈች። ከ300 በላይ ባሕረኞች አለቁ። ክዊን ሜሪ ግን እንዳትቆም ታዝዛ ነበር። በላይዋ በሺዎች የሚቆጠር ወታደር ነበር፤ ከቆመች ለሰርጓጅ ቀላል ዒላማ ትሆናለች። ስለዚህ ሰዎቹን ባሕር ላይ ትታ ሄደች። ነገሩ ጦርነቱ እስኪያልቅ ለሕዝብ አልተነገረም። ይህን ስነግራቸው የልጅ ልጄ «ካፒቴኑ ከዚያ በኋላ እንዴት እንቅልፍ ወሰደው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋ ግን ከየትኛውም ማስፈራሪያ ይበልጣል። ባሕር ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ያንን ትእዛዝ በልቡ ያስበዋል።

አሁን ወደ እህቴ ስጋት ልመለስ። አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። ትርኢቱ ለሁሉም አይደለም። ትንንሽ ልጆችን ይዞ መግባት አይገባም። በመሐላችን ደግሞ ፍርሃትን በትኬት ሳይሆን በእውነት ያዩ ብዙ ሰዎች አሉ። እስር ቤት ያዩ፣ በረሃ ያቋረጡ፣ ጥይት ከራሳቸው በላይ ያፏጨ። ድንገት የሚፈነዳ ድምፅና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ለእነሱ ጨዋታ አይሆንም። ባለቤቴ አልገባችም። ምጽዋ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 ስትመታ እዚያ ነበረች። እሷ ውጪ ሻይ ይዛ ተቀመጠች፣ እኛ ገባን፤ ማንም ለምን አልገባሽም አላላትም። ልጆቻችሁንም እንዲሁ አድርጉ። እገባለሁ ያለው ይግባ፤ የፈራው ይቅር። ወንድ ነህ፣ ምን ያስፈራሃል ብሎ መገፋፋት ነውር ነው።

ከዚህ በቀር ግን ለፍርሃት ጨዋታ እኛ እንግዳ አይደለንም። ማታ እሳት ዳር ስለ አያ ጅቦ፣ ስለ ጭራቅ እየሰማን ነው ያደግነው። አያቴ ጭራቁ በሩን ሲያንኳኳ የምታሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ተረቱ ሲያልቅ ቡና ቁርስ ይታደላል፣ እኛም ተቃቅፈን እንተኛለን። አያቴ ጾሟንም ጸሎቷንም የማታጓድል ሴት ነበረች። ልጅ የሚፈራውን ነገር ከሚወደው ሰው ጎን ሆኖ ሲያየው ይጠነክራል እንጂ አይበላሽም። ይህ የእኔ እምነት ነው። አባቶች ካህናት የተሻለ ቢያውቁ ይንገሩን፤ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ገንዘቡስ? እህቴ ለትኬት የሚወጣውን ገንዘብ «ውኃ ውስጥ መጣል» ብለውታል። እኔ የሚያሳስበኝ መርከቧ ራሷ ውኃ ውስጥ እንዳትቀር ነው። የሎንግ ቢች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1967 በ3.45 ሚሊዮን ዶላር ገዛት። ለፓናማ ቦይ ስለምትሰፋ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዞራ ነው የመጣችው። ከዚያ ወዲህ ባሕር ላይ ወጥታ አታውቅም። ብረት ጨው ውኃ ውስጥ ሲቆም ደግሞ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ የባለሙያዎች ጥናት እሷን ለመጠገን እስከ 289 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ተናግሯል። ያን ያህል ገንዘብ በጥቅምት ትርኢት አይሰበሰብም። ግን አሮጌ መርከብ የምትኖረው ሰው ሲገባባት ነው። ከሆቴሉ፣ ከምግብ ቤቱ፣ ከጉብኝቱ፣ ከእንዲህ ያለውም ምሽት ገቢ ታገኛለች። ሰው ያልገባባት መርከብ ምን እንደምትሆን እኔ አውቃለሁ። እህቷ ክዊን ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1972 ሆንግ ኮንግ ላይ ተቃጥላ ለቁርጥራጭ ብረት ሆነች።

የእኛዋም «ኢትዮጵያ» እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲወድቅ መርከቦቻችን ወደ የመን ሸሹ። እሷም እዚያ ቆማ፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በእጄ የወለወልኩት ሞተር የት እንደቀለጠ አላውቅም። ለልጅ ልጄ የማሳያት አንድ ብሎን የለኝም። ፎቶም ቢሆን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሎንግ ቢች ላይ አንዲት መርከብ ቆማ፣ ወጣቶች ተሰልፈው ገንዘብ እየከፈሉ ሲገቡባት ሳይ፣ ለጩኸት ይምጡ ለሌላ፣ እኔ ደስ ይለኛል። ይግቡ። ይጩኹ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጆቻችሁን በሌሊቱ ትርኢት ብቻ አታስቀሩ። በቀንም ውሰዷቸው። በሌሊት ጭሱ የሚሸፍነውን በቀን ያያሉ። የኋለኛው የሞተር ክፍል እንዳለ አለ። ተርባይኖቹ፣ መቆጣጠሪያው፣ ሰዓቱ፣ የቧንቧው ብዛት። እንፋሎቱን የሚያፈሉት ቦይለሮች መርከቧ ሆቴል ስትሆን ወጥተዋል፤ ያሉበት ቦታ ባዶ ነው፤ ባዶነቱ ራሱ ስንት እንደነበሩ ይናገራል። ከአራቱ ፕሮፔለሮች የቀረው አንዱ በውኃ ውስጥ እንዳለ ከላይ ይታያል። እኛም በቀን ስንሄድ አጥሩን ተደግፌ ብዙ ቆየሁ። ልጆቹም ስልካቸውን አውጥተው ማንሳት ጀመሩ። የልጅ ልጄ «አባባ፣ አንተ እዚህ የት ትቆም ነበር?» አለችኝ። አሳየኋት። የእንፋሎት መለኪያውን፣ ትእዛዝ ከላይ የሚመጣበትን ቴሌግራፍ፣ ጩኸቱ ከመብዛቱ የተነሳ በእጅ ምልክት እንዴት እንደምንነጋገር። የእኛዋ ሞተር ዲዝል ነበር፣ ይህ እንፋሎት ነው፤ ሥራው ግን ሥራ ነው። ያን ቀን ከእኔ ጋር ያወራችውን ያህል ከዚያ በፊት አውርታኝ አታውቅም።

ለትርኢቱ አዘጋጆችም መልእክት የሚያደርስ ሰው ቢገኝ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሰው ከጨለማው ወጥቶ እየሳቀ በሚያርፍበት በመውጫው በር ላይ አንድ ሰሌዳ ይስቀሉ። ስለ 1966ቱ ልጅና ስለ ኩራሶ ሰዎች እውነተኛው ነገር በአጭሩ ይጻፍበት። ለትርኢቱ ምንም አይጎዳውም። ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በመጨረሻም ለቀድሞ የባሕር ኃይል ጓዶቼ። በዚህ ከተማና በአካባቢው እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ባሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና ስንጠጣ እንገናኛለን፣ ስለ ምጽዋ አንስተን እንለያያለን። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችንንና የልጅ ልጆቻችንን ይዘን አብረን የክዊን ሜሪን ሞተር ክፍል እንድናይ ሐሳብ አቀርባለሁ። ፎቶ ያለው ፎቶውን ይዞ ይምጣ። ዝርዝሩን ጋዜጣው በሚቀጥለው እትም ቢያወጣልኝ አመሰግናለሁ። ጉልበቱን የሚያመው አስቀድሞ ያሳውቀን፤ ወደ ታች የሚወስደው የብረት ደረጃ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለእሱ ሌላ መንገድ እናፈላልጋለን።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ ባሕረኛ፣ ከኢንግልውድ